በራማን ዘዴ የኤሌክትሮን ሽግግርን ማየት ይቻላል?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ራማን ስፔክትሮስኮፒ (ከነገር ላይ የተበተነን ብርሃን የቀለም ለውጥ የሚለካ ዘዴ) የሞለኪውል ንዝረትን እንደሚያሳይ ሳስረዳ አንዲት ተማሪ «የኤሌክትሮን ሽግግርንስ፣ ማለትም ኤሌክትሮን ከአንድ የኃይል ደረጃ ወደ ሌላ መዝለሉንስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልመልስላት?

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ የጉዳዩን እምብርት ነክታለች። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን በ1928 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው የብርሃን መበተን በአብዛኛው ንዝረትን ቢያሳይም፣ ወደ ኤሌክትሮኖችም የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉት።

አንደኛው ቀጥተኛ አይደለም። ከከተማችሁ ገበያ በተገዛ በርበሬ ላይ 532 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ ሌዘር ቢያርፍ፣ የቅመሙን ቅላት የሚሰጡት ካሮቲኖይዶች በዚያ አካባቢ ያለውን ብርሃን በኤሌክትሮን ሽግግር ስለሚመጥጡ፣ በ1520 እና በ1157 ገደማ (የሞገድ ቁጥር፣ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ ሞገዶች ብዛት) የሚታዩት የካርቦን ትስስር መስመሮች በብዙ ሺህ እጥፍ ይጎላሉ። የሌዘሩን ቀለም እየቀያየሩ የመስመሮቹን ጉልህነት መመዝገብ የኤሌክትሮኑ ሽግግር የት እንዳለና ኤሌክትሮኑ ሲዘል የትኛው ትስስር እንደሚለጠጥ ይጠቁማል። በቅጠል ላይ ግን አይቸኩሉ፤ የክሎሮፊል ፍካት ምልክቱን ሊውጠው ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ቀጥተኛ ነው፤ እኔም ይበልጥ የምወደው እሱን ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ፕራሴዮዲሚየም በተባለው ብረት ክሎራይድ ክሪስታል ውስጥ የኤሌክትሮን ሽግግር ራሱ የራማን መስመር ሆኖ ታየ። በአራት-ኤፍ (4f) ደረጃዎች፣ ማለትም በብረቱ ውስጠኛ የኤሌክትሮን ምሕዋር ደረጃዎች መካከል በአንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሚደረገው ሽግግር በፓሪቲ ሕግ (የደረጃዎቹን ሲሜትሪ በሚመለከተው ሕግ) የተከለከለ ሲሆን፣ የራማን መበተን ግን አንዱን ፎቶን ተቀብሎ ሌላውን ስለሚለቅ ክልከላው አያግደውም። መስመሩ የንዝረት አለመሆኑን ለመለየት አንዱ መላ፣ በአራት-ኤፍ ኤሌክትሮን የሌለውን የላንታነም ክሎራይድ ክሪስታል በተመሳሳይ ሁኔታ መለካት ነው፤ የንዝረቱ መስመሮች በቅርብ ቦታቸው ሲገኙ የኤሌክትሮኑ ግን አይታይም።