አለቃዬ በሰው ፊት ይሰድበኛል፤ ዝም ልበል ወይስ ልናገር?

ጥያቄ፦ መምህር፥ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ጅማ ውስጥ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ቡናና ልዩ ልዩ እሽግ ዕቃ በሚጫንበት መጋዘን በጫኝና አውራጅነት ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ተቆጣጣሪያችን በሰው ፊት እናቴን እያነሣ ይሰድበኛል፤ አይሱዙው ካልሞላ ወደ ቤት የለም እያለ እስከ ሌሊት ያቆየናል፤ ዕቃ ሲበላሽም ከደመወዛችን ይቆርጣል። አንድ ቀን በንዴት ካርቶን ወርውሬ በውስጡ የነበረው ዕቃ ተሰባበረ፤ ዋጋው ግን አብሮኝ ይጭን ከነበረው ሙስሊም ጓደኛዬ ላይ ተቆረጠ። በሌላ ቀን ደግሞ ለዚህ አለቃ ዳግመኛ ሰላምታ ላልሰጠው በቅዱስ ገብርኤል ስም ምዬአለሁ። እሑድ እሑድ ግን በአንድ ቤተ ክርስቲያን እናስቀድሳለን። አንዳንዶች «ጴጥሮስ ለጠማሞችም ተገዙ ብሏልና ቻለው» ይሉኛል፤ አንዲት ዘመዴ ዳዊት ድገምበት ትለኛለች፤ አንዱ ደግሞ አፍዝ አደንግዝ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ አለኝ። ለበላይ ባመለክት ኃጢአት ይሆንብኛልን? እየጠላሁት መቁረብስ እችላለሁን? በጾም ቀንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ጆንያ መሸከም ይገባኛልን?

መልስ፦ ወንድማችን፥ «ቻለው» ያሉህ ሰዎች የጠቀሱት ቃል በእርግጥ ተጽፎአል። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 18 ላይ «ሎሌዎች ሆይ፥ ለበጎዎችና ለገሮች ጌቶቻችሁ ብቻ ሳይሆን ለጠማሞች ደግሞ በፍርሃት ሁሉ ተገዙ» ይላል። ይህ ቃል ለማን እንደ ተነገረ ግን ማስተዋል ይገባል። ሐዋርያው ይመክራቸው የነበሩት ሎሌዎች በሮማውያን ሕግ እንደ ንብረት የሚቆጠሩ፣ ጌታቸውን ትተው የሚሄዱበት መንገድ የሌላቸው፣ ቢደበደቡ አቤት የሚሉበት ዳኛ ለማግኘት እጅግ የሚቸገሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ማንም ሊነጥቃቸው የማይችለውን ልባቸውን በክፋት እንዳያረክሱት አስተማራቸው። የጌቶቹንም ጠማማነት ጠማማ ብሎ ጠራው እንጂ ቀና ነው አላለም።

ይኸው ሐዋርያ ጥቂት ወረድ ብሎ ጌታችን «ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም» በማለት ምሳሌያችንን ያሳየናል። ያ ትዕግሥት ምን መልክ እንደ ነበረው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንማራለን። በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሳለ ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ በመታው ጊዜ ጌታችን አልተሳደበም፣ አልረገመም፣ ዝምም አላለም፤ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠየቀው እንጂ። ሌላውን ጉንጭ ስለ ማዞር ያስተማረው እርሱ ራሱ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱን ከእርሱ ይልቅ እናውቃለን ካላልን በስተቀር፣ ትዕግሥት ማለት አፍን መለጎም አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ሊገርፉት በጠፍር ባሰሩት ጊዜ የሮም ዜግነቱን አንሥቶ ያለ ፍርድ ሊገርፉት መብት እንዳላቸው መቶ አለቃውን ጠይቆአል፤ በዚህም ማንም በኃጢአት አይከሰውም።

እዚህ ላይ እኛ መምህራን ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ልንናዘዝ ይገባናል። በዐውደ ምሕረት ላይ «ሎሌዎች ሆይ» የሚለውን ስናነብ ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ነገር ግን «እናንተም ጌቶች ሆይ፥ ዛቻውን ትታችሁ እንዲሁ አድርጉላቸው» የሚለውን የኤፌሶን ምዕራፍ 6 ቃል፣ ወይም ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ላይ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ጌታ ጸባዖት ጆሮ እንደሚጮኽ የተናገረውን፣ ባለ መጋዘኑ ከፊት ቆሞ ሳለ ስንሰብከው እምብዛም አልሰማሁም። ምናልባት «ቻለው» የሚሉህ ወዳጆችህ ግማሹን ትምህርት ብቻ የሰሙት በእኛ ጥፋት ነው።

ማመልከትህ ኃጢአት ስላለመሆኑ እንግዲህ ጥርጥር የለኝም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ከዚያ በላይ የሚሠራው በቀን ከ4፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት ሊያልፍ አይችልም፤ ክፍያውም ከመደበኛው የሰዓት ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ ይጀምራል። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ አይፈቀድም፤ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲያከብርም ይኸው አዋጅ ያዝዛል። ይህን የምጽፍልህ ወደ ክርክር ልገፋፋህ አይደለም፤ ጳውሎስ ዜግነቱን እንዳነሣ አንተም የምታነሣው ነገር እንዳለህ እንድታውቅ ነው።

ከመናገርህ በፊት ግን የዘፀአትን ምዕራፍ 5 አንብብ። ፈርዖን ለጡብ ሥራ ይሰጥ የነበረውን ገለባ ከልክሎ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል ባዘዘ ጊዜ፣ የተደበደቡት ጡብ ሠሪዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ ከእስራኤል ልጆች መካከል በወገኖቻቸው ላይ የተሾሙት አለቆችም «ስለ ምን ቁጥሩን አላደረሳችሁም?» እየተባሉ ተገርፈዋል። ወደ ፈርዖን ገብተው ቢጮኹም ያገኙት መልስ «ሰነፎች ናችሁ» የሚል ስድብ ነበር። በቡና ወቅት መኪና በር ላይ ተሰልፎ፣ ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ፣ ላኪው በስልክ እየጮኸ፣ ዝናብም ሊመጣ እያጉረመረመ ሳለ፣ ያንተ ተቆጣጣሪ ማን ገለባውን እንደ ከለከለው አስበህ ታውቃለህን? ስድቡን ይህ አያጸድቅለትም፤ እናትህ የመኪናው መዘግየት ምክንያት አይደሉምና። ነገር ግን የምትናገረው ከጭራቅ ጋር ሳይሆን ከተጨነቀ ሰው ጋር መሆኑን ካወቅህ የምትመርጠው ቃል ይለወጣል።

አነጋገሩን በተመለከተ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሥርዓቱን ሠርቶልናል፤ በመጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ነው። አንዳንድ ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያዘው ይሉህ ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክርህም፤ በምእመናን መካከል ወጥመድ የተዘረጋበት ይመስለዋልና። ይልቁን ጠዋት መኪና ሳይገባ፣ ጓደኞችህም ሳይሰበሰቡ ቀርበህ «ጋሼ፥ በሥራዬ ላይ ጉድለት ካለ ይንገሩኝ፤ አርማለሁ። እናቴን ግን አያንሡብኝ» በለው። ድምፅህ ቢንቀጠቀጥም አትፈር። ካልሰማህ ስድቡን የሰሙ ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ባልደረቦችህን ይዘህ ተመለስ፤ እነርሱንም ካልሰማ ለመጋዘኑ ባለቤት በጽሑፍ አመልክት፤ በዚያም ካልተፈታ ወደ መንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መሄድ ትችላለህ። በአንድ ደብር የምታስቀድሱ ስለ ሆናችሁ የንስሐ አባቱን የምታውቃቸው ከሆነ እርሳቸውም በመካከላችሁ ቢገቡ መልካም ነው። እጁን ወደ ማንሣት ከደረሰ ግን ይህን ሁሉ ቅደም ተከተል አትጠብቅ፤ ዳዊት ሳኦልን ሊገድለው ሲችል አልገደለውም፤ ሳኦል ጦሩን በወረወረበት ጊዜም ከፊቱ ዘወር ብሎ ሸሸ እንጂ ቆሞ አልጠበቀውም።

ስለ አፍዝ አደንግዙ ብዙ አልጽፍም። ከጠንቋይ ጋር መመካከር ከእግዚአብሔር መለየት ነው፤ ያን ሰው የጠቆመህም ወዳጅህ አይደለም። ዘመድህ ስለ ነገረችህ ነገር ግን ትንሽ ልቆይ፤ ዳዊት መድገም የተቀደሰ ሥራ ነውና። ብዙ ሰው በጠላቱ ላይ የሚደግመው በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 34 የሆነውን «ግፍዖሙ እግዚኦ ለእለ ይገፍዑኒ» (አቤቱ፥ የሚገፉኝን ግፋቸው) የሚለውን ነው። የተገፋ ሰው በዚህ ቃል ወደ አምላኩ ቢጮኽ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ስድብን በስድብ ከመመለስ ይልቅ ፍርዱን ለእግዚአብሔር መስጠት ነውና ነፍስን ያሳርፋል። ነገር ግን መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ድገመው። በመካከሉ ዳዊት እነዚያ የገፉት ሰዎች በታመሙ ጊዜ ማቅ እንደ ለበሰላቸው፣ ነፍሱንም በጾም እንዳዋረደላቸው፣ እንደ ወዳጅና እንደ ወንድም እንዳዘነላቸው ይናገራል። ይህን ቁጥር ዘሎ የሚደግም ሰው መዝሙረ ዳዊትን እንደ ክታብ እየተጠቀመበት ነው።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልመልስህ። ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ ይበልጥ ያረፈው በመካከሉ ጣል አድርገሃት ባለፍሃት የካርቶኗ ነገር ላይ ነው። ስለ መቁረብ ስትጠይቀኝ የጠቀስኸው አለቃህን መጥላትህን ብቻ ነው። ጌታችን ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወው ያለው «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው» ባሰብህ ጊዜ ነው እንጂ አንተ በሌላው ላይ ያለህን ባሰብህ ጊዜ አይደለም። ጓደኛህ በአንተ ላይ የሚጠይቀው አለው፤ ማን እንደ ሠራው ባያውቅ እንኳ። አለቃህ ያለ ጥፋቱ ቀጣው፤ አንተም ዝም በማለትህ የዚያ ግፍ ተካፋይ ሆንህ። ስለዚህ አስቀድመህ ወደ ጓደኛህ ሂድ፤ እውነቱን ንገረው፤ የተቆረጠበትንም ገንዘብ መልስለት፤ በአንድ ጊዜ ካልቻልህ በየደመወዙ ከፍለህ ጨርስ። ዘኬዎስ በሐሰት ከወሰደው አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ አንተ ዋናውን እንኳ አልመለስህም። ሰውዬው ሙስሊም መሆኑ ዕዳውን አንዲት ሳንቲም አይቀንሰውም። ከዚያም ለተቆጣጣሪው «ካርቶኑን የሰበርሁት እኔ ነኝ» በለው። ይህ ምናልባት አንድ ተጨማሪ ስድብ ያስከትልብሃል። ነገር ግን በደመወዝ መቁረጥ ላይ አቤት ልትል ያለህ ሰው ስለ ሆንህ፣ የራስህን ጥፋት በሌላ ሰው ላይ አስቆርጠህ እንዴት ትከራከራለህ? እስራኤላውያን አለቆች ወደ ፈርዖን የገቡት ግርፋቱን ለወንድሞቻቸው አሳልፈው ሰጥተው አልነበረም።

ስለ ጥላቻው ደግሞ፥ የተሰደበ ልብ መቁሰሉን ጥላቻ አትበለው። ቁስል ያማል፤ ማመሙም ኃጢአት አይደለም። ይህ ሰው ታሞ ቀረ ቢሉህ ልብህ ደስ የሚለው ከሆነ ግን ነገሩ ከቁስልነት አልፏልና ለንስሐ አባትህ ሳትሸሽግ ተናገር፤ መቼ እንደምትቆርብ የሚወስኑልህም እርሳቸው ናቸው። በመካከሉ በጸሎትህ ስሙን ጥራ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስሙ ከአፍህ አልወጣ ይልሃል፤ ቢሆንም ጥራው።

በመልአኩ ስም የማልኸው መሐላ አያስርህም። ሄሮድስ ለክፉ ነገር ምሎ መሐላውን ስላከበረ የዮሐንስ መጥምቁ ራስ በወጭት ቀረበ፤ ባያከብረው ይሻለው ነበር። መማልህ ግን ራሱ በደል ነውና ይህንንም በንስሐ አቅርበው፤ ከዚያ በኋላ በማግስቱ ጠዋት ስታገኘው «እንደምን አደሩ» በለው። መልስ ባይሰጥህም አንተ ከመሐላው ወጥተሃል።

የጾሙ ጥያቄ አጭር ነው። 60 ኪሎ የቡና ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ በሳንቃ ላይ የሚወጣ ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ ከራሱ አልፎ ከሥሩ የቆመውንም ይጎዳል። የምግቡን ዓይነት ጠብቀህ የሰዓቱን ነገር ለንስሐ አባትህ አማክር፤ ሥራህ ምን እንደ ሆነ በዝርዝር ንገራቸው፤ ስንት መኪና እንደምትጭን፣ በስንት ሰዓት እንደምትጀምርና እንደምትጨርስ ጭምር፤ አባቶች ያንን አይተው ከአቅምህ ጋር የሚስማማ ሰዓት ይሰጡሃል። እረፍት በምትሆንበት የጾም ቀን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹም።