ጥያቄና መልስ፦ ሆሚዮፓቲና ስኪዞፍሬኒያ

ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የተባለ የአእምሮ ሕመም አለበት። መድኃኒቱን ትቶ የሆሚዮፓቲ እንክብል ቢጀምር ምን ይጎዳዋል?

ሆሚዮፓቲ አንድን ነገር ደጋግሞ በማቅጠን በሚዘጋጅ እንክብል ለማከም የሚሞክር ዘዴ ነው። የሚጎዳው ግን መድኃኒቱን መተዉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 65 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት 27 በመቶው፣ መድኃኒት አልባ እንክብል ከተሰጣቸው ደግሞ 64 በመቶው በሽታው አገርሽቶባቸዋል። ክፋቱ፣ ሕመሙ በማግስቱ ላይመለስ ይችላል። ሰውየው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ደህና ይሆናል፤ ቤተሰቡም «አዲሱ መድኃኒት ሠራ» ይላል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

እንክብሉ ላይ «30ሲ» የሚል አለ። ምንድን ነው?

አንዱን እጅ በመቶ እጅ ማቅጠን፣ ያንኑ 30 ጊዜ መደጋገም ማለት ነው። ገና ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ መገኘቷ ያጠራጥራል። የቀረው ስኳር ነው።

እናቴ ግን ከሆሚዮፓቲ ባለሙያው ስትመለስ ተረጋግታ ነው የምትመጣው።

አምንሻለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብሎ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ፍርሃቷ፣ ስለ ሕልሟ የጠየቃት ሰው አለ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሆሚዮፓቲ መሥራች ሳሙኤል ሃነማን ራሱ፣ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1796 ከማሳወቁ አራት ዓመት በፊት፣ ክሎከንብሪንግ የተባለ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለ ሰንሰለትና ያለ ዱላ ያስታመመ ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ደግነቱ ግን እንክብሉን መድኃኒት አያደርገውም። ለስኪዞፍሬኒያ የተዘጋጀ የንግግር ሕክምናና የቤተሰብ ምክር አለ፤ የቤተሰብ ምክሩ ማገርሸትን እንደሚቀንስም ታይቷል። ሐኪሟን ይህን ጠይቂ።

መድኃኒቱንና የሆሚዮፓቲ እንክብሉን አብሮ መውሰድስ?

እጅግ የቀጠነው ከመድኃኒት ጋር የሚጋጭበት ነገር የለውም። ብዙ ያልቀጠነው ግን ሌላ ነው፤ የዕፅ መድኃኒትም እንዲሁ። ለምሳሌ ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ ክሎዛፒን የተባለውን የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪምህ ንገር።

መድኃኒቱ አወፈረኝ፤ ቀኑን ሙሉም ያስተኛኛል። ለዚህ ነው ሌላ የፈለግሁት።

እውነትህን ነው፤ «ቻለው» የሚልህን አትስማ። መጠኑን መቀነስ፣ ወደ ሌላ መቀየር፣ የምትወስድበትን ሰዓት ማዛወር ይቻላል፤ በሐኪም እጅና ቀስ በቀስ ከሆነ። የምትወስደው ክሎዛፒን ከሆነ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቅ፦ ከ48 ሰዓት በላይ ካቋረጥክ የቀድሞውን መጠን በራስህ አትመልስ፤ ከትንሹ መጠን እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው፣ መጀመሪያ ለሐኪምህ ደውል።