«አባዬ ያዝናል ብዬ ነው»

ይህን የምጽፈው አባታቸው ወይም እናታቸው ለሚያሰለጥኗቸው ልጆች ነው። ሯጭ ሁኑ፣ ቴኳንዶ ሥሩ፣ ብስክሌት ንዱ፣ ለእኔ ያው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ጠዋት በጣና ዳር ልጅት ከፊት ስትሮጥ አባት ከኋላ በብስክሌት እየተከተለ ሰዓት ሲይዝላት ማየት ለከተማችን ሰው ብርቅ አይደለም። ወደ ቤዛዊት ዳገትም እንዲሁ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ዕድሜዬ ያለቀው የሰው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሳይና ሳለማምድ ነው። ስለ ስልጠና ከወላጆቻችሁ በላይ አውቃለሁ አልልም። ስለ ሕመም ግን፣ በተለይ ስለሚደበቅ ሕመም፣ የምላችሁ አለኝ።

ነገሩን ከፊት ልበለው። በእናንተና በአሰልጣኝ ወላጃችሁ መካከል አንድ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋችኋል። ወላጃችሁ ጎበዝ ቢሆንም፣ ቢወዳችሁም ያስፈልጋችኋል። እንዲያውም በጣም የሚወዳችሁ ከሆነ የበለጠ ያስፈልጋችኋል።

ለምን? ክፍሌ ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። ልጅ ከአባቱ ጋር ይገባል። አልጋው ላይ አስቀምጠዋለሁ። «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ስለው አባት ይመልሳል። «እየሮጥክ እያለ ነው ወይስ ከጨረስክ በኋላ?» አባት ይመልሳል። «ማታስ ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል?» «ኧረ እሱስ እንደ ግንድ ነው የሚተኛው!» ይላል አሁንም አባት። ልጁ አንዴ አባቱን ያያል፣ አንዴ እኔን ያያል፣ ከዚያ ጣሪያውን። በዚህ ጊዜ አባትን በትህትና «እስቲ ካርድ ክፍል ሄደው ይህቺን ወረቀት ያስፈርሙልኝ» ብዬ እልካቸዋለሁ። በሩ ሲዘጋ ነው እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው። ሕመሙ የቆየ ነው፣ ማታም ይቀሰቅሰዋል፣ በግራ እግሩ እየቆጠበ ነው የሚሮጠው። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ስል የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው። «አባዬ ያዝናል ብዬ ነው።»

ይገርፈኛል ብዬ አይደለም። ይቆጣኛል ብዬም አይደለም። ያዝናል ብዬ።

ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነው። እግሬን አሞኛል ትሉታላችሁ፣ ያስቀምጣችኋል ወይም ይነጫነጫል፣ ማታ ግን ቤታችሁ ትገባላችሁ። አባት ሲሆን ውለታው አለ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ የሚቀሰቅሳችሁ እሱ ነው። ለራሱ ጫማ ሳይገዛ ለእናንተ የመሮጫ ጫማ የገዛው እሱ ነው። ጎረቤቱ «ልጅህን ምን ልታደርገው ነው?» እያለ ሲተቸው የቻለው እሱ ነው። እንዲህ የደከመልኝን ሰው እንዴት ደከመኝ ልበለው ትላላችሁ። ይገባኛል። ልባችሁ ደግ ስለሆነ ነው። አጥንት ግን ይሉኝታ አያውቅም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ ይጠቅማችኋል። በዕድገት ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ቶሎ ይረዝማል፣ ጅማቱና ጡንቻው ግን እኩል አይደርሱም። ስለዚህ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ጅማቱ አጥንቱ ላይ የተያያዘበት ቦታ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። ይህ ብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነው፣ ልምምድ ሲቀንስ ይሻሻላል። ቅልጥማችሁ ላይ ግን በአንድ ጣት ጫፍ «እዚህች ጋ» ብላችሁ የምታሳዩት ነጥብ ካለ፣ በአንድ እግር ስትዘሉ እዚያው ነጥብ ላይ የሚወጋችሁ ከሆነ፣ ተኝታችሁም የሚሰማችሁ ከሆነ፣ ያ አጥንት መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በፋሻ ጠቅልሎ የሚሮጡበት ሕመም አይደለም።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ወላጅና ልጅ አብረው ሲሠሩ በግልጽ ከሚታይባቸው ስፖርቶች አንዱ ፊገር ስኬቲንግ ነው፤ ያ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በአየር ላይ እየተሽከረከሩ የሚዘሉበት። እኛ ጋ ሜዳው የለም፣ በቲቪና በስልካችሁ ግን ታዩታላችሁ። ተወዳዳሪው ሲጨርስ ከአሰልጣኙ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካሜራ ፊት ውጤቱን ይጠብቃል። አንዳንዴ ከልጁ ጎን የሚቀመጠው የገዛ አባቱ ወይም እናቱ ነው። እኔ ውጤቱን ትቼ ፊታቸውን ነው የማየው።

ጃፓናዊውን ዩማ ካጊያማን እዩ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አባቱ ማሳካዙ በ1992 እና በ1994 ኦሎምፒክ የተወዳደረ ሰው ነው፣ ልጁንም ያሰለጠነው እሱ ነው። በ2018 አባትን ስትሮክ መታው። በ2022 ልጁ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ብር ሲያገኝ አባት ከጎኑ ነበር። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም እንኳን ያምራል። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ካሮሊና ኮስትነር፣ የ2012 የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ጣሊያናዊት፣ በ2023 መጥታ አብራ ማሰልጠን ጀመረች። አባት ከቦታው አልወጣም። ቦታውን አካፈለ እንጂ። ልጁ ኦሎምፒክ ሜዳሊያ ካገኘ በኋላ «ሌላ ሰውም ይይህ» ማለት ለአባት ቀላል ይመስላችኋል? አይደለም።

አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒንም እንዲሁ ነው። እናቱ ታቲያና ማሊኒናና አባቱ ሮማን ስኮርኒያኮቭ ሁለቱም ለኡዝቤኪስታን ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደሩ ናቸው፣ እነሱው ናቸው የሚያሰለጥኑት። በመስከረም 2022 በውድድር ላይ ማንም አሳክቶት የማያውቀውን፣ በአየር ላይ አራት ተኩል ዙር የሚዞሩበትን ዝላይ ሠርቶ አሳየ፤ በ2024 እና በ2025 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህም ሆኖ ራፋኤል አሩቱኒያን የሚባል ሌላ አሰልጣኝ ከወላጆቹ ጋር ሠርቷል። ሁለት ኦሎምፒያን ቤቱ ውስጥ እያለለት ሦስተኛ ሰው ካስፈለገው፣ እኛስ?

ተቃራኒውን ደግሞ እናንተ ሯጮቹ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የእኛን ልጆች በ1500 እና በ5000 ሜትር የሚፈትነው ኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በአባቱ ነበር የሚሰለጥነው። ሦስቱም በ1500 ሜትር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነዋል። በ2022 ግን ከአባታቸው ጋር መሥራት አቆሙ፣ በ2023 ደግሞ አባታችን ሲያሳድገን ይመታንና ያስፈራራን ነበር ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2025 ፍርድ ቤቱ አባትየውን በያኮብ ላይ ፈጽሟል ከተባለው ነጻ አለው፣ በሴት ልጁ ላይ በፈጸመው አንድ ድርጊት ግን ጥፋተኛ ብሎታል። እኔ በዚህ ላይ ፍርድ ልጨምር አልፈልግም። የሚያሳዝነኝ ግን የቤት ውስጥ ነገር በቤት ሰው፣ በጊዜው፣ ሳይነገር ቀርቶ ዓለም ፊት ዳኛ ዘንድ መቅረቡ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ የሚመታችሁ ወላጅ ካለ ያ ስልጠና አይደለም፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ።

ለሴት ልጆች ለብቻ የምነግራቸው አለ። ብዙ እየሮጣችሁ ትንሽ የምትበሉ ከሆነ የወር አበባ ሊቀር ይችላል። አንዳንዷ «ተገላገልኩ» ትላለች። እህቴ፣ ሰውነትሽ ምግብ አልበቃኝም እያለ ነው፤ በዚያ ከቀጠለ አጥንትሽ ይሳሳል። ይህን ለአባትሽ መንገር ይከብድሻል፣ አውቃለሁ፣ አሰልጣኝ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለእናትሽ፣ ለአክስትሽ ወይም ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ንገሪ። ጾም ሲገባና ልምምዱ ሲከብድም ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ። ስኬቲንግ ውስጥ ይህ የሰውነት ጉዳይ ብዙ ሲያነጋግር ነው የኖረው፣ ምክንያቱም ቀላልና ትንሽ ሰውነት በአየር ላይ ለመሽከርከር ይቀለዋል፤ ልጆቹም ሳያድጉ በፊት ይጨመቃሉ። የዓለም አቀፉ ስኬቲንግ ማኅበር በ2022 ለአዋቂዎች ውድድር የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ከፍ ለማድረግ ወሰነ። እኔ ደስ ብሎኛል። እዚህ ያሉ ወላጆችም ያንን ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ የ13 ዓመት ልጅ ላይ የ20 ዓመት ሰው ልምምድ መጫን ምን የሚያስቸኩል ነገር ኖሮ ነው?

አባት ማሰልጠኑ ክፉ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ማታ እንዳልተኛችሁ የሚያውቅ፣ ቁርሳችሁን በልታችሁ መውጣታችሁን ያየ፣ አረማመዳችሁ ሲቀየር ከማንም በፊት የሚነቃ አሰልጣኝ በገንዘብ አይገኝም። ብቻ ያ ሰው እራት ላይም አሰልጣኝ ከሆነ፣ እንጀራው ላይ የጠዋቱ ሰዓት ከተወራ፣ እናንተ የምታርፉበት ቦታ የለም። ስለ ልምምድ የሚወራው ሜዳ ላይና ከሜዳ ስትመለሱ መንገድ ላይ ብቻ ይሁን ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ወላጅ ይህን ሲጠየቅ ይስማማል፤ የሚጠይቀው ስለሌለ ነው።

ሦስተኛው ሰው ማን ይሁን? የግድ ትልቅ አሰልጣኝ አይደለም። የስፖርት መምህራችሁ ሊሆን ይችላል፣ የታዳጊዎች ፕሮጀክት አሰልጣኝ፣ ድሮ ሯጭ የነበረ የሰፈር ሰው። ሁለት ነገር ብቻ ያሟላ፤ እናንተ የምታምኑት ይሁን፣ አባታችሁም የሚሰሙት ይሁን። አንዱ ብቻ ካለው አይሠራም። አባታችሁ የማይሰሙት ጓደኛ ያጽናናችሁ ይሆናል እንጂ ልምምድ አያስቆምላችሁም። እሳቸው ብቻ የሚያምኑት ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ አባት ነው የሚሆንባችሁ። ሥራውም ብዙ አይደለም። በየጊዜው ብቻችሁን ያነጋግራችሁ፣ አሞኛል ስትሉ ይስማ፣ «ይህ ልጅ ይረፍ» የማለት ፈቃድ ከአባታችሁ አስቀድሞ ይሰጠው። አስቀድሞ ያልኩት ውድድር ሲደርስ ማንም ፈቃድ ስለማይሰጥ ነው። ጉዳዩ የሐኪም ከሆነ ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአጥንት ሐኪም አለ።

ለአባታችሁ እንዴት ትነግሩታላችሁ? ሜዳ ላይ፣ ሌሎች ልጆች እየሰሙ አይሁን። ከተሸነፋችሁበት ውድድር ማግስትም አይሁን፣ ሰበብ ይመስላል። ቡና ተፈልቶ ቤት ሲረጋጋ፣ እናታችሁ ባለችበት፣ «አባዬ፣ አንተ እንድትተወኝ አልፈልግም፣ ግን ሌላ ሰውም አብሮን እንዲያየኝ እፈልጋለሁ» በሉት። የመጀመሪያውን ግማሽ እንዳትረሱ፣ አባት መጀመሪያ የሚፈራው እሱን ነው። ዝም ካለ ተዉት፣ ይዞት ያድራል። ከተቆጣም አትመልሱለት። በሳምንቱ አጎታችሁን ወይም የክርስትና አባታችሁን ላኩበት። በአባትና በልጅ መካከል ሽማግሌ መግባት እኛ ጋ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሽማግሌ ደግሞ አንዴ እምቢ ስለተባለ ብቻ አይቀርም፣ ተመልሶ ይሄዳል።