ጥያቄና መልስ፦ የጽኑ ሕሙማን አመጋገብና የጡንቻ መመንመን

መላሽ፦ የምግብ መጠን የምትጠይቁ የሕመምተኛውን ክብደት፣ ከገባ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነና የፎስፌት (በደም ውስጥ ያለ ማዕድን) ውጤቱን አብራችሁ ጻፉ። ያለሱ አልመልስም።

ኢንተርን፦ ሕመምተኛው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ ጀምሮ በቱቦ በደንብ ብናበላው ጡንቻው አይተርፍም?

መላሽ፦ አይተርፍም። በ2013 የታተመ የለንደን ጥናት የጭን ጡንቻን በአልትራሳውንድ ለክቶ፣ በ10 ቀን 18 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ጡንቻውን አፍርሶ ስኳር ይሠራል፤ ከውጭ የምትሰጡት አያስቆመውም፣ ይደረብበታል እንጂ። በ48 ሰዓት ውስጥ በትንሹ ጀምሩ፣ እስከ 3ኛው ቀን ከሚያስፈልገው 70 በመቶ አትለፉ፣ ከዚያ ፕሮቲኑን በቀን ወደ 1.3 ግራም በኪሎ አድርሱ። የኖርአድሬናሊኑ (የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) መጠን እየጨመረ ከሆነ ምግቡን ለመጀመር ጠብቁ። «ብዙ ፕሮቲን ይሻላል» ለምትሉም፦ በ2023 የወጣው ትልቅ ጥናት በኪሎ 2.2 ግራምና ከዚያ በላይ ሰጥቶ ጥቅም አላገኘም፤ ኩላሊታቸው የተጎዳባቸው ላይ እንዲያውም የባሰ መሰለ።

አስታማሚ፦ ግሉኮስ ተሰቅሎለታል፣ አይበቃውም?

መላሽ፦ ባለ 5 በመቶው አንድ ሊትር 170 ካሎሪ ነው፤ ፕሮቲን የለውም። ግሉኮስ ምግብ አይደለም።

የአይሲዩ ነርስ፦ 60 ኪሎ፣ 4ኛ ቀን፣ መተንፈሻ ማሽን ላይ፣ ፎስፌት 0.9 ሚሊሞል። የፋብሪካ ፎርሙላ የለም፤ ያለን ኤፍ-100 (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ የሕክምና ወተት) እና ቤተሰብ የሚያመጣው አጥሚት ነው።

መላሽ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቅ። ኤፍ-100 በሊትር 1000 ካሎሪና 29 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። በእሱ ብቻ ካሎሪው ሲሞላ ፕሮቲኑ ይጎድላል። በቀን 1.2 ሊትር አድርጉና ስብ የሌለው የወተት ዱቄት 100 ግራም ጨምሩበት፤ ድምሩ ወደ 1560 ካሎሪና 70 ግራም ፕሮቲን ይመጣል። በየ3 ሰዓቱ 150 ሚሊ፣ በእያንዳንዱ 12 ግራም ገደማ ዱቄት። ዛሬ በግማሽ ጀምሩ፣ በ2 እና 3 ቀን አድርሱት። ተቅማጥ ከመጣ መጀመሪያ ዱቄቱን ቀንሱ። ፖታስየም ከፍ ያለበት ላይ ዱቄቱ ይቅር። የተበጠበጠው ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ኤፍ-75ን (ሌላኛውን የሕክምና ወተት) ግን እንዳትሰጡ፤ በሊትር 9 ግራም ፕሮቲን ብቻ ነው።

ሲስተር፦ እኛ አጥሚቱን እንቁላል መትተን እንሰጣለን፣ ምንም አልሆኑም።

ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም)፦ ጥሬ እንቁላል? ሳልሞኔላውስ?

ሲስተር፦ ቀቅለን ነው! ደግሞ ቤተሰብ ያመጣውን መልሱ ስትላቸው ይቀየማሉ፤ በጾም ወተት ስትሰጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

ጂፒ፦ ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ነው። አባን ጠርታችሁ አስነግሯቸው።

መላሽ፦ የጾሙን ሌላ ቦታ ተከራከሩ። አጥሚት ቀጠን ሲል ውሃ ነው፤ ወፈር ሲል ሲቀዘቅዝ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። የተቀቀለ እንቁላል ፍርፋሪም መጋጠሚያው ላይ ይከማቻል፤ በ50 ሚሊ ሲሪንጅ በኃይል ስትገፉት ቱቦው ይሰነጠቃል። ከምግብና ከመድኃኒት በፊትም በኋላም 30 ሚሊ ውሃ።

ሬዚደንት፦ ሬዚጁዋሉ (ጨጓራ ውስጥ የቀረው ምግብ) 250 ሚሊ ሆነ፣ ላቁም?

መላሽ፦ በ6 ሰዓት 500 ካላለፈ አይቆምም። ራስጌውን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አድርጉ።

ኢንተርን 2፦ አልቡሚኑ (የደም ፕሮቲን) 2.1 ነው፣ ስንት ፕሮቲን ልስጥ?

መላሽ፦ ክብደት? ቀን? ፎስፌት? አልቡሚን የሚወርደው በብግነት ነው፣ ምግብ አይለካም።

ፊዚዮ፦ ድክመቱን በምን እንከታተል?

መላሽ፦ ይሄ የእናንተ ነው።

ጂፒ፦ ከነቃ በኤምአርሲ (የጡንቻ ጉልበት መለኪያ ነጥብ)፦ በግራም በቀኝም 6 እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5። ከ60 ውስጥ ከ48 በታች ድክመት አለ ማለት ነው።

ሬዚደንት፦ 45 ኪሎ፣ ለ2 ሳምንት ያልበላች፤ መመገብ በጀመርን በማግስቱ ፎስፌት ከ0.9 ወደ 0.5 ወረደ።

መላሽ፦ ሪፊዲንግ ነው፤ ብዙ ያልበላ ሰው መመገብ ሲጀምር የደም ማዕድናት የሚወርዱበት ችግር። ከ0.65 ሲወርድ ካሎሪውን ለ48 ሰዓት ቀንሱ፣ ፎስፌት ተኩ፣ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) በቀን 200 እስከ 300 ሚሊግራም። ፖታስየምና ማግኒዥየምም ይታይ፤ ፎስፌቱን በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለኩ። ግሉኮስ ተሰቅሎላት ከሆነ እሱም ካሎሪ ነውና ቁጠሩት።