ለሦስት ሄክታር ቁጥቋጦ 35 ወይስ 75 የፈረስ ጉልበት?

ጅማ አካባቢ ባለችው ሰቃ አጠገብ ስድስት ዓመት ጦም ባደረው ሦስት ሄክታር መሬትዎ ላይ የበቀለው የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ እንዳሉት የክንድ ውፍረት ከደረሰ፣ መሬቱን መንጥሮ ለማረስ የትኛውን ልከራይ ብለው ከጠየቁባቸው ሁለት ትራክተሮች ባለ 75 የፈረስ ጉልበቱን፣ ያውም በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ይከራዩ። ለመቁረጡ ብቻ ቢሆን 1.5 ሜትር ስፋት ላለው ስላሸር (ትራክተሩ ኋላ ለሚታሰረው የቁጥቋጦ መቁረጫ) 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ቀጥሎ ሥሩን የሚገለብጠው ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ በጅማ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ትንሹን ትራክተር ያንደፋድፈዋል።

ሲዋዋሉ የሞተሩን ጉልበት ብቻ ሳይሆን መቁረጫውን የሚያዞረውን የፒቲኦ (ከትራክተሩ ኋላ ያለውን ተሽከርካሪ ዘንግ) ጉልበትም ይጠይቁ፤ ይህኛው ሁልጊዜም ያንሳል። ከባድ ትራክተር እርጥብ አፈርን ስለሚጠቀጥቅ ሥራውን ክረምቱ ሳይገባ ይጨርሱት። ዋንዛ ካገኙ ግን አይንኩት፤ ቡና ሊተክሉ ካሰቡ ጥላ ይሆንዎታል።

ትራክተሩ ከመግባቱ በፊት ገጀራ ይዘው መሬቱን በእግር ይዙሩት። እኔ ይህን ባለማድረጌ በሣር የተሸፈነ አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ የስላሸሩን ምላጭ እንደ ማጭድ አጣሞት፣ ኪራዩ እየቆጠረ ቆመን ዋልን። ካገኙት ጉቶ አጠገብ ረጅም እንጨት ይትከሉና ጫፉ ላይ፣ ነጂው ከመቀመጫው እንዲያየው፣ ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት።