ባትሪው አዲስ፣ ሞተሪኖው አዲስ፣ መኪናዋ ግን ስትሞቅ አትነሳም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መኪናና ኤሌክትሪክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ2006 ፖርሽ 911 ካሬራ አለችኝ፣ ማንዋል ናት። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ትነሳለች። ሀይዌይ ላይ ነድቼ፣ ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ላስነሳት ስል ግን ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እየከበደው ይዞራል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል። ቀዝቅዛ ስመለስ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ባትሪ ተቀየረ፣ ሞተሪኖ ተቀየረ፣ ያው ነች። አሁን ደግሞ ጋራዡ «የሞተሩ ኮምፒውተር ሳይሆን አይቀርም» እያለኝ ነው። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። እሺ ልበላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሺ እንዳትል። ኮምፒውተሩ ነዳጅና እሳት ያዛል እንጂ ሞተሪኖውን አያደክመውም። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ኖሮ ወይ ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ይል ነበር፣ ወይ ደግሞ ከነጭራሹ አይዞርም ነበር። ያንተ ግን ይዞራል፣ ኃይል ነው የሚያንሰው። ኃይሉ ደግሞ የሚመጣው በወፍራም ገመድ ነው፤ ስለዚህ መታየት ያለበት ገመዱ ነው።

መኪናህ 997 ከሚባለው ትውልድ ናት። በዚያ ትውልድ ላይ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ፣ ሞተሪኖውንና ከፊት ከባትሪው የሚመጣውን መስመር የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ የታወቀ ደካማ ጎን አለው። ባትሪው ከፊት ነው፣ ሞተሩ ከኋላ፤ መንገዱ ረጅም ነው። ገመዱ እዚያ ሞተሩ አጠገብ ሃያ ዓመት ገደማ ሙቀት ሲበላው ኖሯል፣ በዚያ ላይ እናንተ አገር በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አለ። ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ጫፉ ላይ ያለውን ላስቲክ ስትገፈው ግን መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ታገኘዋለህ፤ ብረቱ ጫፍ ውስጥ ተጨፍልቆ የገባው ክር በእጅ ሲነካ ይረግፋል።

«ገመዱን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) አይተነዋል፣ ደህና ነው» ብለውህ ይሆናል። አምናለሁ፣ አይተውት ይሆናል። ግን ቴስተሩን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ላይ አድርጎ ሁለቱን ጫፍ መንካት ለዚህ ዓይነት ገመድ ምንም አይነግርህም፤ አንድ ቀጭን ክር ብቻ ቢቀር እንኳ ቴስተሩ «ጢ» ይላል። ሒሳቡን እየው። ሞተሪኖው ሲዞር ወደ 200 አምፔር ይስባል እንበል። ገመዱ ላይ 0.005 ኦም ትርፍ ቢኖር 200 ሲባዛ በ0.005 አንድ ሙሉ ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። 0.01 ከሆነ ሁለት ቮልት። ተራ ቴስተር ደግሞ ይህን ሊያይ አይችልም፣ የራሱ ሽቦዎች ብቻ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

ስለዚህ የሚለካው ገመዱ ሥራ ላይ እያለ ነው፣ ያውም መኪናዋ ሞቃ እምቢ በምትልበት ሰዓት። ቀዝቅዛ የተወሰደ ልኬት አይጠቅምህም። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ቴስተሩ ዲሲ ቮልት ላይ ይሁን። መጀመሪያ ሞተሪኖው እየዞረ ባትሪው ምሰሶዎች ላይ ለካ። 10 ቮልት ተኩልና ከዚያ በላይ ከያዘ ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ከ9.6 በታች ከወረደ አዲስም ቢሆን ባትሪውን ጠርጥር። ቀጥሎ አንዱን የቴስተር ሽቦ በትርፍ ገመድ አስረዝመህ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው ትልቁ ብሎን ላይ አድርግና እንደገና ይዙር። የምታነበው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። እስከ ግማሽ ቮልት ድረስ ችግር የለውም። ሁለት ወይም ሦስት ካየህ ሌባው ተያዘ። ብሎኑ አየር ማስገቢያው ስር ስለሆነ ለመድረስ ያስቸግራል፣ ብዙ ሰው ይህን ልኬት የሚዘለውም ለዚህ ይመስለኛል።

የኔጌቲቩን መስመርም አትርሳ። ሞተሪኖው እየዞረ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ለካ፣ ከ0.3 ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከበለጠ ከሌላ መኪና ለማስነሳት የሚያገለግለውን ወፍራም ገመድ ከሞተሩ ብረት ወደ ንጹሕ የቦዲ ብረት አገናኝና ሞክር። ወዲያው ቀልጠፍ ብላ ከዞረች ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው ገመድ ነው፣ እሱ ደግሞ ርካሽ ነው።

«ታዲያ ለምን ስትሞቅ ብቻ?» ትለኝ ይሆናል። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሲየስ 0.4 በመቶ ገደማ መቋቋሙ ይጨምራል። ቆመህ ነዳጅ ስትቀዳ አየሩ ስለማይነፍስ የሞተሩ ሙቀት ወደ ገመዱ ይወጣል፤ ገመዱ በ60 ዲግሪ ቢሞቅ ሩብ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ጤነኛ ገመድ ይህን ይችለዋል። የዛገውና የላላው ግን ቀድሞም አቅሙ አልቆ ነበር።

አንድ ምልክት ደግሞ ሞተሩን ሳትፈታ ታያለህ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና የኋላ መስታወት ማሞቂያ በርተው፣ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። 13 እንኳ የማይሞላ ከሆነና ዲናሞው ላይ ስትለካ ግን 14 ከሆነ፣ መሃል ያለው ገመድ እየበላው ነው። ዲናሞ ግዛ ቢሉህ ይህን ቁጥር አሳያቸው። ዳሽቦርዱ ላይ የኤቢኤስና ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች አልፎ አልፎ በርተው ከሆነም አትደንግጥ፣ ቮልት ሲወርድ እነዚህ ነገሮች ሁሉ በየአቅጣጫው የብልሽት ኮድ ያወጣሉ። ጋራዡ ኮምፒውተሩን የጠረጠረውም እነዚህን ኮዶች አይቶ ሊሆን ይችላል።

ገመዱ ከሆነ ጫፉን ብቻ ቆርጦ ማሰር አልመክርም፤ ዝገቱ ላስቲኩ ስር ወደ ውስጥ ይሄዳል። ሙሉውን ቀይረው። ሥራውን ከመጀመር በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፤ ያ ገመድ ፊውዝ የለውም፣ የብሎን መፍቻ ቢነካው ብረት ያቀልጣል። ሌላም ልንገርህ፦ አንድ ቀን ባትሪው ጨርሶ ቢሞት የፊት ኮፈኑ በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት አይከፈትልህም። ሾፌሩ እግር ጋ ያለው ፊውዝ ሣጥን ውስጥ የሚሳብ ፖዘቲቭ ጫፍ አለ፤ እሱ ላይ የሌላ ባትሪ ፖዘቲቭ፣ በሩ መቆለፊያ ብረት ላይ ኔጌቲቭ ስታደርግ ይከፈታል። ሳይረን ሊጮህ ይችላል፣ አትፍራ።

ጥያቄ፦ ሰላም። ዱባይ ነው ያለሁት። አሮጌ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችኝ፣ ባትሪዋ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ለአንድ ሳምንት እንኳ ስትቆም ባትሪው ይሞታል። ባትሪው አዲስ ነው፣ ዲናሞውም ይሞላል ተብያለሁ። አገር ቤት ለእረፍት ልሄድ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቆማ እያለች ኃይል የሚስብ ነገር አለ። ጤነኛ መኪና ተቆልፋ ስትቆም በአብዛኛው ከ50 ሚሊአምፔር በላይ አትስብም፤ ያ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። ያንቺ 300 የምትስብ ከሆነ በቀን 7.2 ይሆናል፣ 40 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል።

መጀመሪያ ርካሹን እይ። የዕቃ መጫኛው መብራት ሲዘጋ ይጠፋል? ስልክሽን ቪዲዮ እየቀዳ ውስጥ ትተሽ ክዳኑን ዝጊው፣ ከፍተሽ እይው። ከዚያ በፋብሪካ ያልመጣ ነገር ሁሉ ይጠርጠር፦ ሬዲዮ፣ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ የድምፅ ማጉያ። በአሮጌ ማዝዳ ላይ ከፋብሪካው ሽቦ ይልቅ በኋላ የተጨመረው ነው የምጠረጥረው።

እዚህ ካልተገኘ ኤሌክትሪሺያኑ በየፊውዙ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች በሚሊቮልት ይለካ። ፊውዙ ውስጥ ኃይል ካለፈ ትንሽ ቁጥር ይታያል፣ ካላለፈ ዜሮ ነው። እያንዳንዱን ፊውዝ ከመንቀል ይህ ይሻላል፤ ሲነቀልና ሲመለስ የተኛው ዕቃ ሊነቃ ይችላል። መኪናዋ ተቆልፋ ትንሽ ከቆየች በኋላ ይለካ።

ለአሁኑ ጉዞሽ ግን ብዙ አትጨነቂ። ዲፕሎማ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ የኔጌቲቩን ገመድ ፍቺው፣ ከምሰሶው አርቀሽ በጨርቅ ጠቅልይው፣ ሬዲዮው ኃይል አጥቶ ሲመለስ የሚጠይቀው ኮድ ካለም ቀድመሽ ጻፊው።