በአረም የተወረረ የግቢ ሣር ሳይገለበጥ ማዳን ይቻላል?

የግቢዎ ሣር ግማሽ ያህሉ በአረም መያዙን ገልጸው፣ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መዝራት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ከዓመታት በፊት በዚሁ ሐሳብ ተወጥሬ ስለነበር፣ ያየሁትን በዝርዝር ልንገርዎ። ግማሹ ሣር በሕይወት ካለ መገልበጡን አልመክርም፤ አፈሩ ሲገለበጥ ለዓመታት ከሥር ተቀብሮ የቆየ የአረም ዘር ብርሃን አግኝቶ በአንድ ጊዜ ይነሣልና።

የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ ያሳለፍኩት አረም በመንቀል ብቻ ነው። ነቅዬ የተውኩት ባዶ ቦታ ግን ሳምንታት ሳይቆይ ሌላ አረም ይወርሰው ነበር። አረሙ ቦታ ያገኘው ሣሩ ስለሳሳ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ሣሩን ያሳሳሁትም ቶሎ ቶሎ ላለማጨድ ብዬ እስከ መሬቱ ድረስ እየላጨሁ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማጨጃዎን ምላጭ ከፍ ያድርጉ። ብዙዎቹ የግቢ ሣሮች ከ6 እስከ 8 ሴንቲሜትር ሲተውላቸው ሥራቸው ይጠልቃል፤ ጥላቸውም የአረም ዘር እንዳይበቅል ያግዳል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይጨዱ። እንደ ሰርዶ ያለው መሬት ለመሬት የሚሳብ ሣር ግን አጠር ተደርጎ ቢታጨድም ይስማማዋል።

ቀጥሎ አረሙ ራሱ ስለ መሬቱ የሚናገረውን ይመልከቱ። ጎርጠብ ከበዛ አፈሩ ተረግጦ ጠጥሯል ማለት ነው፤ ማገጥ ሲበረክት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን አንሷል፤ ምክንያቱም ማገጥ በሥሩ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያገኝ፣ ሣሩ በሚራብበት መሬት እሱ ይደላዋል። በእኔ ግቢ የበዛው ጎርጠብ ስለነበር፣ መሬቱን ካረጠብኩ በኋላ በመቆፈሪያ ሹካ 10 ሴንቲሜትር ያህል እያጠለቅሁ ወጋሁትና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በስሱ በተንኩበት። ከሠራሁት ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው።

ወደ ታች የሚዘልቅ ወፍራም ሥር ያለውን አረም ዝናብ በጣለ ማግስት ከነሥሩ ያውጡት፤ ተቆርጦ የቀረው ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። እንግጫ ግን ከመሬት በታች ኮረት ስላለው በአንድ ጊዜ ነቀላ አይጠፋም፤ ገና ለጋ ሳለ ደጋግሞ መንቀል ያስፈልጋል። ፀረ አረም ለመርጨት ካሰቡ፣ ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ለይቶ ሲያጠፋ፣ ግላይፎሴት ሣሩንም ጨምሮ እንደሚገድል ይወቁ። ከርጭት በኋላ ዘር ለመዝራት የሚጠበቀው ጊዜ በመያዣው ላይ ስለሚጻፍ፣ ሳያነቡ አይጀምሩ።

የሳሳውን ቦታ ጫር ጫር አድርገው ይዝሩ፤ ዘሩን ከግማሽ ሴንቲሜትር ባልበለጠ አፈር ሸፍነው ጠቅጠቅ ያድርጉት። እስኪበቅል ድረስ በየቀኑ በስሱ ያርጥቡት፤ ሥር ከያዘ በኋላ ግን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ጠልቆ እንዲገባ አድርገው ያጠጡ። ከአዲሱ ቡቃያ ጋር አረም ብቅ ማለቱ አይቀርምና አይደንግጡ፤ ሣሩ ሦስት አራት ጊዜ እስኪታጨድ ድረስ በእጅ ብቻ ይንቀሉት እንጂ ምንም አይርጩበት።